ዓላማውን የሚወዱ ሠራተኞች ለምን ይለቁብናል?

ጥያቄ፦ ከአንዲት የፕሮግራም ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉትን የፕሮግራም ክፍል መምራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሥራችን ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናትና ለአሳዳጊዎቻቸው ድጋፍ ማድረግ ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ ሦስት ሠራተኞች መልቀቂያ አስገብተዋል፤ ሦስቱም ሥራውን ከልባቸው የሚወዱ፣ በዕረፍት ቀናቸው እንኳ ስልካቸውን የማይዘጉ ሰዎች ነበሩ። የመጨረሻዋ ከመሄዷ በፊት የርክክብ ሰነድ እንድታዘጋጅ ብጠይቃት አሥራ አንድ ገጽ ጽፋ ሰጠችኝ። በቅጥር ውሏ ላይ የሰፈረው የሥራ ዝርዝር ግን አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነበር። የቀረውን ዘጠኝ ገጽ ተኩል ማንም ሳያዛት፣ እኔም ሳላውቅ ስትሠራው ኖራለች። ያንን ሰነድ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ጭንቀቴ የስብሰባችን ዝምታ ነው። «አስተያየት ያለው?» ስል ሁሉም ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል፤ ስብሰባው ተበትኖ ገና ከበሩ ሳንርቅ ግን ሁለት ሦስት እየሆኑ በዝግታ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። በዚህ ላይ ዋና ለጋሻችን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚቀንስ አሳውቆናል፤ ስለዚህ ደመወዝ መነካቱ የሚቀር አይመስለኝም። ቦርዱ ለሠራተኞቹ የሁለት ቀን የማነቃቂያ ሥልጠና እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ግን ከሰዎቹ የጎደለው መነቃቃት ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። በሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ላይ ዕውቀት ያላችሁ፣ ወይም በተግባር የሞከራችሁት ነገር ያላችሁ፣ ከየት እንድጀምር ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፦ ከአንድ የድርጅት ሥነ ልቦና መምህር

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ሥልጠናውን ለጊዜው ያቆዩት እላለሁ። የሥራ ዝለት የምንለው፣ ሰው በቆየ የሥራ ጫና ጉልበቱና ስሜቱ የሚሟጠጥበት ችግር በሥነ ልቦና ጽሑፍ ውስጥ ቀድሞ የተገለጸው የእርስዎን በሚመስል ድርጅት ውስጥ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ጉዳዩ የጻፈው፣ በኒውዮርክ ከተማ ያለ ክፍያ ሕክምና በሚሰጥ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ሲያገለግል በባልደረቦቹና በራሱ ላይ ያየውን ተመርኩዞ ነበር። በተለይ ተጋላጭ ሆነው ያገኛቸውም ሥራ የሚጠሉትን ሳይሆን ራሳቸውን ለዓላማው አሳልፈው የሰጡትን ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው «ተነሣሣ» ብሎ ሥልጠና መስጠት፣ ሸክም ያጎበጠውን ሰው እንዴት ቀና ብሎ እንደሚኬድ ማስተማር ይሆናል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲና ማስላክ ከሱዛን ጃክሰን ጋር በ1981 ያቀረበችው መለኪያ ዝለትን በሦስት መልኩ ያየዋል፤ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚያገለግሉት ሰው በስሜት መራቅና «የሠራሁት ሁሉ ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት። ሁለተኛውን አጥብቀው እንዲመለከቱት እፈልጋለሁ። አንድ የመስክ ሠራተኛ ስለ አንድ ቤተሰብ ሲያወራ በስማቸው መጥራቱን ትቶ «ያ ፋይል» ማለት ከጀመረ፣ ልቡ ደንድኖ ሳይሆን ከሐዘኑ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ አጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከወቀሳ በፊት በሳምንት ስንት ቤት እንደሚጎበኝ ይጠየቅ።

ማስላክና ማይክል ላይተር በ1997 ዝለት የሚመነጨው ሰውና ሥራው በስድስት ነገሮች ሳይጣጣሙ ሲቀሩ መሆኑን አስረድተዋል፤ እነሱም የሥራ ጫና፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን፣ ክፍያና ዕውቅና፣ የባልደረቦች ኅብረት፣ ፍትሐዊነትና እሴት ናቸው። የእኛ ዘርፍ ልዩ አደጋ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሴቱ ስለሚስማማ ሌሎቹ አምስቱ ቢጓደሉም ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ይችላል፣ አለቃም መቻሉን እንደ ጤንነት ይቆጥረዋል። ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምፕሰን በ2009 ባወጡት ጥናት በአራዊት ማቆያ የሚሠሩ ሰዎችን መርምረው ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ሥራቸውን እንደ ጥሪ የሚያዩት ሠራተኞች በሥራው ጥልቅ ትርጉም ያገኙበታል፤ ነገር ግን ለዚያው ጥሪ ሲሉ ደመወዛቸውን፣ ጊዜያቸውንና ምቾታቸውን ለመሠዋት የተዘጋጁ በመሆናቸው ለብዝበዛ የተጋለጡ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ እንጂ እንደ በሽታ አልመዘገበውም፤ መነሻውም በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና መሆኑን ይገልጻል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከሠራተኛው ሳይሆን ከሥራው አደረጃጀት ነው።

በእጅዎ ያለውን የአሥራ አንድ ገጽ ሰነድ እንደ ትልቅ ሀብት ይዩት። ከቡድኑ ጋር ተቀምጣችሁ ተራ በተራ እያነበባችሁ «ይህ ሥራ ቢቀር ማን ይጎዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም የማይጎዳበትን በዚያው ሰዓት ሰርዙት። የሚቀጥለውን ለሌላ ሠራተኛ ስትሰጡ ግን ከዚያ ሰው ላይ ምን እንደሚነሣለት አብራችሁ ጻፉ። ሳይነሣለት የሚጨመርበት ሰው አራተኛው ለቃቂ ይሆናል።

ምላሽ፦ ከአንድ የቀድሞ ዳይሬክተር

እኅቴ፣ ስለ ደመወዙ ጉዳይ ልጨምርልሽ። ከብዙ ዓመት በፊት የምመራው ድርጅት ገንዘብ አጥቶት ለጊዜው ደመወዝ ስንቀንስ ውሳኔውን በአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ላይ ጽፌ በየሠራተኛው ጠረጴዛ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ፊት ለፊት ልነግራቸው ስላፈርኩ ነበር፤ እነሱ ግን ሐፍረቴን እንደ ንቀት ቆጠሩት፣ መቁጠራቸውም ትክክል ነበር። ገንዘቡ በስድስት ወር ውስጥ ተመለሰ፤ አመኔታቸው ግን እኔ እስከ ለቀቅሁ ድረስ አልተመለሰም።

በኋላ ያነበብኩት የጄራልድ ግሪንበርግ ጥናት፣ በ1990 የታተመው፣ የራሴን ስሕተት ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። የአንድ ኩባንያ ሁለት ፋብሪካዎች የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ለ10 ሳምንታት 15 በመቶ ቀንሰው ነበር። በአንደኛው ፋብሪካ የኩባንያው ኃላፊ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሞ ምክንያቱን በአኃዝ አስረዳ፣ ማዘኑን ገለጸ፣ ጥያቄ ሁሉ መለሰ፤ በሌላኛው በሩብ ሰዓት ስብሰባ ውሳኔው ብቻ ተነገረ። የንብረት ስርቆት በሁለቱም ጨመረ፤ በደንብ የተብራራላቸው ግን የሰረቁት ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነበር። የተቀነሰው ገንዘብ መጠን እኩል ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው አነጋገሩ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ዕቃ ላይሰርቅ ይችላል፤ የሚያነሣው ልቡን ነው። ስለዚህ የለጋሹ ደብዳቤ በእጅሽ እንደገባ፣ ውሳኔ ሳይወሰን ገና፣ አኃዙን ለሠራተኞቹ አሳዪአቸው። ደመወዝ ይነካ ወይስ የቢሮ ኪራይና የጉዞ ወጪ ይቀነስ የሚለውን አማራጭ አብራችሁ ተመልከቱ፣ የአንቺና የሌሎች ኃላፊዎች ደመወዝም በዚያው መጠን ወይም በበለጠ እንደሚቀንስ ቀድመሽ ተናገሪ። ሐሳባቸውን ለመቀበል ዝግጁ ካልሆንሽ ግን ባትጠይቂያቸው ይሻላል፤ ለይስሙላ የተጠየቀ ሰው ጭራሽ ካልተጠየቀው የበለጠ ይቆጣል።

ምላሽ፦ ከአንድ የቦርድ አባል

ቦርዶች ሥልጠና የሚያቀርቡት ስለ ሠራተኛው ግድ ስለሌላቸው እንዳይመስልዎ። ሥልጠና በበጀት ላይ መደብ አለው፣ ተጀምሮ ያልቃል፣ ሪፖርት ይወጣለታል፤ «ሥራ እንቀንስ» የሚለው ሐሳብ ግን ለለጋሹ የተገባውን ቃል ስለሚነካ ያስፈራል። ለጋሾች የአስተዳደር ወጪ ዝቅ እንዲል ስለሚፈልጉም ተጨማሪ ሰው መቅጠር እንደ ብክነት ሲታይ ኖሯል። ስለዚህ ወደ ቦርድዎ ሲመጡ ስለ ስሜት ብቻ ሳይሆን ስለ ወጪም ይናገሩ። ሦስቱን ሰዎች ለመተካት የወጣውን የማስታወቂያ፣ የቃለ መጠይቅና የማለማመጃ ጊዜ፣ በመካከሉም ሳይጎበኙ የቀሩትን ቤቶች ብዛት በአንድ ገጽ ያቅርቡ። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ገጽ ቀርቦልኝ ቢሆን ኖሮ ሥልጠናውን አልደግፍም ነበር።

ምላሽ፦ ከመምህሩ

የስብሰባውን ዝምታ ሳላነሣ ነበር ያለፍኩት። ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ የተሻለ መሪና ግንኙነት ያላቸው ቡድኖች ያነሰ ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠብቃ፣ ይልቁንም ብዙ ስሕተት የተመዘገበባቸው እነሱ ሆነው አገኘቻቸው። ማብራሪያዋም እነዚያ ቡድኖች የበለጠ እየተሳሳቱ ሳይሆን ስሕተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው የሚል ነበር። በ1999 ባሳተመችው ሥራ ይህን ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ብላ አብራራችው።

የእርስዎ ሠራተኞች ሐሳብ እንዳላቸው ከበሩ ውጭ የሚሰሙት ንግግር ይመሰክራል። «አስተያየት ያለው?» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ የመጀመሪያው ተናጋሪ ብቻውን ይጋለጣል። በምትኩ «በዚህ ሳምንት ከሥራችሁ ያዘገያችሁ አንድ ነገር ምን ነበር?» ብለው እያንዳንዱን በተራ ይጠይቁ፤ እርስዎም ያዘገየዎትን ቀድመው ይናገሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚጠብቀው የመጀመሪያው መጥፎ ዜና ሲነገር ፊትዎ ምን እንደሚመስል ነው። ተናጋሪውን አመስግነው ችግሩን በሳምንቱ ውስጥ ቢያቃልሉት፣ ሌሎቹ ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ይማሩበታል።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት የርክክብ ሰነዱን ከቡድኑ ጋር ማንበብ ጀመርን። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳለን አንድ ባልደረባ አንድን ወርኃዊ ሠንጠረዥ ለሁለት ዓመት ሲሞላ መቆየቱን፣ የሚያነበው ሰው መኖሩን ግን እንደማያውቅ ተናገረ። ሠንጠረዡን በዚያው ሰዓት ሰረዝነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ድጋፍ ያገኘን አንድ ወጣት ጠርተን ለሠራተኞች እንዲናገር ማድረግ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ይህስ እንዴት ነው?

ምላሽ፦ ከመምህሩ

እንደ ሠራተኛው ይለያያል። አዳም ግራንት በ2007 ባሳተመው ጥናት ለዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች የነፃ ትምህርት ዕድል ካገኘ አንድ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ እንዲገናኙ አድርጎ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜ በ142 በመቶ፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብ በ171 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። እነዚያ ግን ሥራቸው የሚያመጣውን ውጤት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ለሒሳብ ሠራተኛዎ፣ ለፕሮፖዛል ጸሐፊዎና ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ወጣቱ ፈቅዶና የሚናገረውን ራሱ መርጦ ይምጣ። የመስክ ሠራተኞችዎ ግን ተረጂውን በየቀኑ ስለሚያዩት ከዚያ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ከከባድ ጉብኝት በኋላ ሪፖርት የማይጻፍበት ግማሽ ቀን ነው፤ ይህንንም በሥራ ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ያስፍሩት፣ አለበለዚያ ራሳቸውን ለዓላማው የሰጡት ሠራተኞችዎ አይወስዱትም።