ጥቆማ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ሆነን የቆዩ የአማርኛ ልብ ወለዶችን ከየት እናገኛለን? የትኛውንስ በምን መልክ ብናነብ ይሻላል?

ስለ ተራ ሰዎች ኑሮና ኅብረተሰቡ በግለሰብ ላይ ስለሚያሳርፈው ጫና የተጻፉ የቆዩ ልብ ወለዶችን የሚጠይቁ ጎረቤቶች እየበዙ ስለመጡ፣ የማውቃቸውን አማራጮች አነጻጽሬ ለማቅረብ ወደድሁ። «የትኛው መሸጫ ይሻላል?» ብቻ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ጎደሎ ይሆናል። አንዳንዱ መጽሐፍ በጆሮ ሲሰማ ይበልጥ ይጥማል፤ ሌላው ደግሞ ወረቀቱን ይዘው ካልተመላለሱበት በቀር ምሥጢሩን አይሰጥም። ስለዚህ መጽሐፉንና የሚገኝበትን መንገድ አንድ ላይ እጠቁማለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ለዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምርጫዬ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተረከው ቅጂ ሲሆን፣ ዛሬ በዩቲዩብ ያለ ክፍያ ይደመጣል። ይህን የምለው መጽሐፉ ረጅም በመሆኑ ብቻ አይደለም። ብዙ አንባቢ ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙበትን ገጽ በጉጉት ሲጠብቅ፣ ደራሲው ግን አስቀድመው የበዛብህ ወላጆች የሆኑትን የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ በሰፊው ስለሚተርኩ፣ መጽሐፉን እዚያው ላይ የሚያስቀምጠው ጥቂት አይደለም። የወጋየሁ ድምፅ ይህን ክፍል ያለ ድካም ያሻግራል። የሰብለ ወንጌልን አባት የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የካህናቱን አነጋገር፣ የጉዱ ካሳን ምሬት እያንዳንዱን በየቃናው ስለሚያሰማ፣ አድማጩ ማን እየተናገረ እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ክፍሎቹን በዩቲዩብ ላይ የሚጭኑት የተለያዩ ግለሰቦች ስለሆኑ ቅደም ተከተላቸው የሚዛባበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር እያዩ መከተል ያስፈልጋል።

ከትረካው በኋላ ግን ወረቀቱን እንድትገዙ አጥብቄ እመክራለሁ። መጽሐፉን ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ እኔ ግን ከፍቅሩ እኩል የሚያሳዝነኝ ፍቅሩን ያነቀው ሥርዓት ነው። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው መልክ ወይም ጠባይ ጎድሏት አይደለም፤ አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ሰው በማጣታቸው ነው። በዛብህም ቢሆን ወላጆቹ በልጅነቱ በተሳሉት ስለት የታሰረ ሰው ነው። ገበሬዎቹ አበጀ በለውን መሪ አድርገው በፊታውራሪ ላይ የተነሡበትን ክፍልና ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረውን ደግሞ ቆም እያሉ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ ማንበብ ያሻል፤ ትረካ ለዚህ አይመችም።

ለግዢው ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉትን የመጻሕፍት መደብሮችና ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጮች አስቀድማለሁ። ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ወይም በሃይገር ቃሊቲ ደርሶ፣ ቀላል ባቡሩ በሰዓቱ ከተገኘ በእሱ እስከ ስታዲየም መጓዝ ከሁሉ የቀለለ ነው። መደብሩ አዲስና ንጹሕ እትም ይሰጣል። ያገለገለ የሚሸጠው ሰው ዘንድ ደግሞ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ዘመን እትሞች ሊገኙ ይችላሉ፤ ዋጋውም በድርድር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት መጽሐፉን መሐሉ ላይ ክፈቱት። ፊደሉ አንዱ ገጽ ላይ ደብዝዞ ቀጣዩ ላይ የሚጠቁር፣ የመስመሩ የመጨረሻ ፊደላት በጥራዙ ስፌት በኩል የሚዋጡ፣ ጀርባውም በሙጫ ብቻ ተያይዞ ሲከፈት የሚሰነጠቅ ከሆነ ከፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው። የገጽ ቁጥሮቹንም በየመሐሉ እያገላበጣችሁ ተመልከቱ። በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ሻጩን አስከፍታችሁ እዩ፤ ጨዋ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

ሰፈራችን ድረስ የሚመጡት መጽሐፍ አዟሪዎች ያለ ትራንስፖርት ወጪ ስለሚያገለግሉን ሊመሰገኑ ይገባል። ከወገባቸው እስከ አገጫቸው ከሚደረድሩት መካከል ግን አብዛኛው አዲስ የወጣ መጽሐፍ ነው። የቆየ ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው ስሙን ነግሮ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲያመጡለት ቢያዝ ይሻለዋል፤ ቃላቸውን ጠብቀው የሚያመጡ አሉ። በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር የሚመጣውን ግን የምመርጠው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። ሻጩ የሚልከው ፎቶ ሽፋኑን ብቻ ስለሆነ፣ የውስጡን ሁኔታ ሳያዩ መክፈል ይሆናል። እኔም በዚህ መንገድ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ገጾች ጎድለውት ስለመጣ ብመልሰውም፣ የማድረሻው ክፍያ አልተመለሰልኝም።

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ለሚፈልጉ ምክሬ ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የተማረውን ወጣት አደፍርስን ከወይዘሮ አሰጋሽና ከአካባቢው ሰው ጋር እያነጋገረ፣ አሮጌውና አዲሱ አስተሳሰብ የሚፋጩበትን ኑሮ የሚያሳይ ነው። የሸዋን ገጠር አነጋገር እንዳለ ስላሰፈረው፣ ከአንድ ምልልስ ውስጥ ሦስት አራት የማይታወቁ ቃላት ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ተጨናንቆ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የሚነበብ አይደለም፤ ጸጥ ያለ ጠረጴዛና መዝገበ ቃላት ይፈልጋል። ለዚህ የሚመቸው ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) በአገር ውስጥ የሚታተሙ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ተቋም በመሆኑ፣ ገበያ ላይ የጠፋ እትም ለማግኘት ከሁሉ የተሻለ ተስፋ ያለው እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ስለሆነ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ ለማንበብ ይመቻል። ሁለቱም ከእኛ ዘንድ ሩቅ በመሆናቸው፣ የዕረፍት ቀንን ለይቶ ጠዋት መውጣት ይጠይቃል። በቅርብ የሚገኙት የወጣት ማዕከላት የንባብ ክፍሎች ለተማሪ ጥሩ ናቸው፤ መደርደሪያቸው ግን ወደ መማሪያ መጻሕፍት ያዘነብላል።

በየቀኑ ወደ መሐል ከተማ እየተመላለሰ ለሚሠራ ሰው የምጠቁመው የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ነው። እሱም በ1962 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አጠር ያለ ስለሆነ ከቦርሳ አይከብድም፤ ቋንቋውም ቀልጣፋ ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን የሚመኝ ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አባተ ደግሞ ትዳር ይዞ እንደ ሰው እንዲኖር ይወተውተዋል። ደመወዝተኛ ሆኖ ቤተሰቡ ከጠበቀው መንገድ ወጣ ለማለት ያሰበ ሰው ሁሉ የአበራን ጭንቀት ያውቀዋል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከእነዚህ ሁሉ ለዛሬው የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ የሚቀርበው ይህ መጽሐፍ ነው። በድምፅ ማዳመጥ ለሚመርጡ እንደ ተራኪ ያሉ የአማርኛ የድምፅ መጻሕፍት መተግበሪያዎች ስላሉ፣ የምትፈልጉት መጽሐፍ መኖሩን አስቀድማችሁ ፈልጋችሁ ክፈሉ።

በቴሌግራም ስለሚዘዋወሩት የፒዲኤፍ ቅጂዎች ብዙዎች ጠይቃችኋል። አልመክርም። በስልክ እየተነሡ የተሰበሰቡ ገጾች በመሆናቸው የተዛነፉና የተዘለሉ ይበዙባቸዋል። ከዚያም በላይ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ የመጽሐፋቸው መብት ዛሬም የወራሾቻቸው ነው።

ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጃቸው የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» የጠየቁኝ እናት፣ ሦስት መጻሕፍት መሆናቸውን ይወቁ፦ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት»። ነጣጥለው የሚሸጡ ስላሉ ሦስቱን አብረው ይጠይቁ፤ አንዱ ከጎደለ የቀረውን ብቻውን ማግኘት አድካሚ ነው። ለልጅዎ ግን ከዚህ በፊት «ከአድማስ ባሻገር»ን ቢያስቀድሙለት ይሻላል።