«እሺ» ያሉትን ልመን ወይስ ድምፃቸውን?

የኮምቦልቻ ልጅ፦
አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ጥቅምት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። 30 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ዛሬ የሚወጣቸው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነው። «እሺ»ው ግን አንድ አይደለም። ቁርጥ ሲል ተስማምተዋል። መጨረሻው ከፍ ሲል «ከዚያስ?» ማለታቸው ነው፤ ወሬዬን እቀጥላለሁ። እየሳቡ ዝቅ ሲያደርጉት ተቀይመውኛል። ትናንት ቡና ቀድቼ «አባባ፣ ስኳር ልጨምር?» አልኳቸው። «እሺ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የእምቢታ ነበር። ቃላቸውን አምኜ ጨመርኩ፤ ስኒውን በግራ እጃቸው ገፉት። ሌሊቱን ሙሉ ስብሰለሰል አደርኩ።

ነርሷ፦
እኅቴ፣ ድምፃቸውን እመኚ። አፌዢያ፣ ማለትም አንጎል ተጎድቶ አንደበት የመያዝ ችግር፣ ያለበት ሰው አዎንና አይደለምን ማቀያየሩ የተለመደ ነው። በአብዛኛው ሰው ቃል የሚሰናዳው በግራው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ የድምፅ ዜማና ስሜት ግን በቀኙ ላይም ይደገፋል። ስለዚህ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ሊተርፍ ይችላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ጉድዊን በስትሮክ ምክንያት «አዎ»፣ «አይደለም» እና «እና» ብቻ የቀሯቸውን የገዛ አባታቸውን ጭውውት ለዓመታት አጥንተዋል። ሰውየው በእነዚህ ሦስት ቃላት ይከራከሩ፣ ቤተሰቡ የገመተውንም ያርሙ ነበር። ዜማው ግን ብቻውን አይናገርም፤ ትርጉም የሚያገኘው አንቺ ቀድመሽ ካልሽው ጋር ሲገጥም ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ ዕቃውን አሳዪ፣ ከዚያም ታግሠሽ ጠብቂ።

የበኩር ልጅ፦
እኔ የምለምንሽ የራስሽንም ድምፅ እንድትጠብቂ ነው። የእኔም እናት አንደበታቸው ሲያዝ ጆሯቸው የደነቆረ ይመስል ሁላችንም እንጮህባቸው ነበር። ጎረቤት ደግሞ እንደ ሕፃን ያባብላቸዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። የሚሉት ባይወጣቸውም የተናቁበትን ድምፅ ለይተው ያውቁ ነበር። ማታ ማታ ሲደክማቸው ደግሞ ዜማቸውም ይደበዝዛል፤ ቁም ነገር ካለሽ ጠዋት አድርጊው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ስኳሩን አሳየኋቸው፤ «እሺ» አሉ፣ ያው የትናንቱ ድምፅ። አስቀመጥኩት። ጨው አነሣሁ፤ አያቴ ቤት ቡና በጨው ነበር የሚጠጣው። አባባ ቃል አልተናገሩም። በአገራችን ሰው ሲስማማ እንደሚያደርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ፤ «እህ»። ሁለት ቃል ብቻ ቀራቸው ስል ይህችን አልቆጠርኳትም ነበር።