የፆም ፓይ ላይ የሊጥ ቅጠልና አበባ፣ ቅርፁ ሳይጠፋ እንዴት ይጋገራል?

የቨርጂኒያዋ
ሰላም ለዚህ ቤት፣ ዘንድሮም ታንክስጊቪንግ የነቢያት ፆም ውስጥ ነው የገባብን። የባሌ እህት ቤት ነው የምንሰባሰበው ፓይ ይዤ የምሄደው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንድ የአፕል አንድ የዱባ። ጣዕሙን እችልበታለሁ፣ አሁን የምፈልገው ላዩን በሊጥ ቅጠልና አበባ አሳምሬ ማቅረብ ነው፣ አማቴ ፆመኛ ናቸውና የፆም ነው ተብሎ ገረጣ ያለ ነገር እንዲቀርብላቸው አልፈልግም። ቅቤ ስለማይገባ ሊጡን በምን ላሽው? ቅጠሉስ ኦቨን ገብቶ እንደተቆረጠ እንዲወጣ ምን ይደረጋል፣ እንቁላል ሳይቀባ ቀላ የሚለውስ በምንድነው?

እማ ቤተል
እህቴ ለቅርፅ ከሆነ የኮኮናት ዘይቱን ተዪው፣ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሚቀልጥ ገና ስትቆርጪው እጅሽ ላይ ይለሰልሳል። ከአትክልት ዘይት የተሰራውን ሾርትኒንግ፣ ማለትም የረጋውን ስብ ያዢ፣ ክሪስኮ የሚሉት አይነት፣ እሱ 47 አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ቅቤ እንኳን ከዛ በፊት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዱቄቱ ደረቅ እስኪል ሾርትኒንጉ ይጠብቀዋል ጠርዙም አይፈስም። ለላይና ለታች የሚበቃው ልክ 2 ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ 1 ኩባያ ሾርትኒንግ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው (ሾርትኒንግ ለብቻው ጣዕም ስለሌለው ጨው አትቀንሺ)፣ ከ6 እስከ 8 የሾርባ ማንኪያ በረዶ የገባበት ውሃ ነው። ለቅርፁ የሚሆን ትርፍ ስለሚያስፈልግሽ ግማሽ ልክ ጨምሪ። ቤኪንግ ፓውደር ግን እንዳታስገቢ፣ ቅጠሉን ያሳብጠዋል።

ሸገር ጋጋሪ
እማ ቤተል ያለችው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ሊጡ ይረፍ ነው። አሽተሽ ወዲያው ከዳመጥሽውና ከቆረጥሽው ቅጠሉ ኦቨን ውስጥ ይሰበሰባል፣ አንድ ሰዓት ፍሪጅ አሳድሪው ማለቴ አስቀምጪው፣ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርገሽ ዳምጪ፣ ከቆረጥሽ በኋላ ደግሞ ትሪ ላይ ደርድረሽ 15 ደቂቃ ፍሪዘር።

ኩኪ ከተር መግዛት አያስፈልግሽም፣ የቡና ሲኒ ይበቃል። በሲኒው አፍ ክብ ትቆርጫለሽ፣ ከዛ ሲኒውን ትንሽ ወደ ጎን ገፋ አድርገሽ እንደገና ስትጫኚው ሁለቱ ክቦች የተደራረቡበት ቦታ ጫፍና ጫፉ የሾለ ቅጠል ሆኖ ይወጣል። መሃሉን በቢላ ጀርባ አንድ መስመር፣ ከዛ ግራና ቀኝ አጠር አጠር ያሉ ሰያፍ መስመሮች፣ ጫን በይ ግን አትቁረጪው፣ ጥልቅ ካልሆነ ሲጋገር ይጠፋል። ቅጠሉ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዳይቀር ጠቅለል ያለ ፎይል ላይ አጋድመሽ ፍሪዘር ካስገባሽው ጎበጥ እንዳለ ይደርቃል፣ ሲጋገር ይሄ ነው ህይወት የሚሰጠው። ለፅጌረዳ ደግሞ አራት አምስት ክብ አንዱን በአንዱ ላይ ግማሽ ግማሽ አስደግፈሽ ደርድሪ፣ ከዳር ጀምረሽ ጠቅልይ፣ መሃሉን ስትቆርጪው ሁለት አበባ ነው። ማጣበቂያው ውሃ ነው፣ በጣት ጫፍ እርጥብ ማድረግ ብቻ።

ለቀለሙ የአኩሪ አተር ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ከ1 የሻይ ማንኪያ ሜፕል ሽሮፕ ጋር፣ ከሌሎቹ የአትክልት ወተቶች አኩሪ አተሩ ፕሮቲን ስላለው ጥሩ ይቀላል። በስሱ ቀቢ፣ መስመሮቹ ውስጥ ከተጠራቀመ ስራሽን ይደፍነዋል። አበባው ቢጫ እንዲሆን ከፈለግሽ ቆንጥር እርድ ጣል ማድረግ ነው፣ አደይ ይመስላል።

ዳላስ ነኝ
አንድ ነገር ሳትረሺ፣ የዱባው ላይ ጥሬ ቅጠል አታድርጊ፣ መሙያው ፈሳሽ ስለሆነ ይሰምጣል ከስሩም ጥሬ ይቀራል። ለብቻው 375 ፋራናይት ላይ 10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሪና ፓይው ከቀዘቀዘ በኋላ ደርድሪበት። የአፕሉ ግን አብሮ ይጋገራል፣ እንፋሎት መውጫ ክፍተት ብቻ ተዪ፣ ሙሉ በሙሉ በቅጠል ከሸፈንሽው ውስጡ ይፈላና ላዩን ያርሰዋል። ጫፎቹ ቀድመው ሲጠቁሩ ካየሽ ፎይል ጣል አድርጊበት።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሊጥ ለመግዛት ካሰብሽ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቢ፣ አንዳንዱ የአሳማ ስብ አለበት።

የቨርጂኒያዋ
ተባረኩልኝ! የሲኒውን ዘዴ አሁኑኑ እሞክረዋለሁ። ቅጠሎቹን ረቡዕ ጋግሬ ባስቀምጥ ሐሙስ ድረስ ይቆያሉ?

ሸገር ጋጋሪ
በደንብ ይቆያሉ፣ በደንብ ይቀዝቅዙና ክዳን ያለው እቃ ውስጥ፣ ፍሪጅ አይደለም፣ ፍሪጅ ያለሰልሳቸዋል። የአፕሉን ቅጠል ግን ጥሬውን ፍሪዘር አቆይተሽ ሐሙስ ከፓይው ጋር አስገቢው።