«አገኘ»፣ «ገዛ»፣ «ተፈታ»፦ ስለ ማያ ከተሞች በአማርኛ ስንጽፍ

ብራና፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ማያ (በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖር ሕዝብ ነው) ጥንታዊ ከተሞች አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ታሪኩ የሁለት ሰዎች ነው። ጆን ሎይድ ስቲቨንስ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው፤ ፍሬድሪክ ካተርውድ ደግሞ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያና ሠዓሊ። በ1839 ከኒውዮርክ ተነሥተው ሆንዱራስ ውስጥ ኮፓን ደረሱ፤ ከዚያም ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ፓሌንኬና ኡሽማል ድረስ በበቅሎና በእግር ዞሩ። ስቲቨንስ ጻፈ፣ ካተርውድ ሣለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ሥራው ጥሩ እየሄደ ነበር፤ ግን ሦስት ቃል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አንደኛው «አሳሽ» ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይጽፋል፤ እኔ ግን «አሰሳ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ወታደር ቤት ለቤት ሲፈትሽ ነው። ሁለተኛው «አገኙ» ነው። ከተሞቹን አገኙ ብዬ ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ምን እንደሆነ ግን በቅጡ መናገር አልቻልኩም። ሦስተኛው «ፍርስራሽ» ነው። የኡሽማልን ቤተ መንግሥት ፎቶ ያየ ሰው ፍርስራሽ ለማለት አፉ አይደፍርም። እስኪ አግዙኝ።

የሰላሌው፦

ብራና ልጄ፣ «አሳሽ»ን አትጣላት። ፍተሻው በኋላ የመጣ ነው። እናቴ ምጣድ ስታስስ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። የተወቀጠ ጎመን ዘር ትበትንበታለች፣ ከዚያ ማሰሻዋን ይዛ ከመሃል ወደ ዳር ከዳር ወደ መሃል ትዞርበታለች፤ አንድ ጥግ ካመለጣት እንጀራው እዚያ ጋ ይይዛል። አሰሰ ማለት ይኸው ነው፣ ጥግ ሳያስቀሩ መዞር። ስለዚህ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሞድስሌይ በደንብ አሳሽ ነው። ከ1881 ጀምሮ ዓመታት ተመላልሶ ጫካ ውስጥ ጀሶ እያስጫነ፣ የሐውልቶቹን ቅርጽ በጀሶ እየቀዳ፣ ፎቶ እያነሣ፣ እያንዳንዱን የጽሑፍ ምልክት እያስሣለ ኖሯል። ምጣዱን ዳር ድረስ ነው ያሰሰው።

ግን አንተ የፈራኸውም ትርጉም ከታሪኩ አይርቅም። ከስቲቨንስ 50 ዓመት በፊት፣ በ1787፣ አንቶኒዮ ዴል ሪዮ የሚባል የስፔን መኮንን ከበላይ ታዝዞ ፓሌንኬ ገብቶ ነበር። ጫካውን አስመነጠረ፣ ወለል አስቆፈረ። ከዚያ ለአለቆቹ ሲጽፍ፣ ተደፍኖ የቀረ በርም ሆነ መስኮት እንደሌለ፣ ሁሉን እንዳስከፈተ በኩራት ተናገረ። ይሄኛው አንተ ያልከው አሰሳ ነው፣ ፍተሻው። ስለዚህ ለሞድስሌይ «አሳሽ» በል፣ ለዴል ሪዮ «ፈተሸ» በል፤ አማርኛው ሁለቱንም ይችላል።

ፊደሊት፦

ጋሼ የምጣዱ ነገር ልቤን ነካው። «አገኘ» ላይ እኔ ልግባ።

በአማርኛ «አገኘ» ቀላል ቃል ነው። «ትናንት መርካቶ አገኘሁት» ስንል ሰውየው ጠፍቶ አልነበረም፤ ተገናኘን ማለት ነው። ስለዚህ «ኮፓንን አገኙ» ብቻውን ብዙ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው «የጠፋው ከተማ ተገኘ» ስንል ነው። ለማን ነው የጠፋው? ብራና የከነከነህ ይሄ ይመስለኛል።

ያሽቺላንን እንውሰድ። ሜክሲኮና ጓቲማላን በሚለየው በኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር ያለ የማያ ከተማ ነው። በ1882 ሞድስሌይ እዚያ ደርሶ እየሠራ ሳለ ፈረንሳዊው ዴዚሬ ሻርኔ መጣ። ሻርኔ አንደኛ እሆናለሁ ብሎ ነበር፤ ሰው ቀድሞት ሲያይ ፊቱ ወደቀ። ሞድስሌይም አይዞህ አለው፤ እኔ ለራሴ ደስታ የምዞር ሰው ነኝ፣ ከፈለግህ ስም አውጣለት፣ አገኘሁት ብትልም ቅር አይለኝም አለው። ሻርኔ ጉዞውን በገንዘብ በረዳለት አሜሪካዊ ባለሀብት ስም «የሎሪያርድ ከተማ» ብሎ ሰየመው። ስሙ አልያዘም።

አሁን ልብ በሉ። ሁለቱ ሰዎች «ያንተ ይሁን፣ ያንተ ይሁን» ሲባባሉ፣ በዚያው ከተማ ቤተ መቅደሶች ውስጥ በአካባቢው ጫካ የሚኖሩት የላካንዶን ማያዎች ዕጣን ያጥኑ ነበር። ኮፓል የሚባለውን የዛፍ ሙጫ የሚያጤሱበት የሸክላ ማጠኛ እዚያው ተቀምጧል፤ ሁለቱም አይተውታል። ማጠኛ ያለበት ቤት ጠፍቶ ነበር ይባላል? ጓቲማላ ውስጥ ያለው የማያ ከተማ የቲካል ታሪክም እንደዚሁ ነው። በ1848 ሞዴስቶ ሜንዴስ የሚባል የጓቲማላ ሹም ይፋዊ ጉዞ ሲያደርግ የአካባቢው ገዥ አምብሮሲዮ ቱት አብሮት ነበር። የአገሩ ሰው ቦታውን ያውቀዋል፤ ወረቀት ላይ የወጣው ግን ያኔ ነው።

እኔ «ደረሱበት» እመርጣለሁ። በእግርም መድረስ ነው፣ በአእምሮም መድረስ ነው። ደግሞም ከእነሱ በፊት ሌላ ሰው አልነበረም አይልም።

ብራና፦

እኅቴ «ደረሱበት» ገብታለች፣ አመሰግናለሁ። የተከፈለበት ቃል እንዳገኘሁ ነው የምቆጥረው።

ስለ መክፈል ካነሣን ሌላ አንድ ቃል ተጨመረብኝ። ስቲቨንስ ኮፓንን በ50 ዶላር «ገዛ»። ነገሩ እንዲህ ነው። መሬቱን የያዘው ዶን ሆሴ ማሪያ የሚባል ሰው ነው። እንግዳው ሰውዬ ዱር የበላውን ድንጋይ ለምን እንደሚፈልግ አልገባውም፤ ይጠራጠራል። ስቲቨንስ ያኔ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከው ዲፕሎማት ነበር። ሳጥኑን ከፈተና ትልልቅ የንስር ቁልፍ ያለበትን የዲፕሎማት ኮቱን አውጥቶ ለበሰ። ከላይ ኮቱ፣ ከውስጥ ዳማ ዳማ ሸሚዝ፣ ራሱ ላይ በዝናብ የራሰ ባርኔጣ፣ ከታች ደግሞ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ቢጫ የሆነ ነጭ ሱሪ። የኮቱ ቁልፎች ሥራቸውን ሠሩ፣ ዋጋው ተቆረጠ። አሁን «ገዛው» ብዬ ስጽፍ ነገሥታት የኖሩበትን ከተማ «ገዛ» ማለት ነገሠ የሚል ይመስልብኛል። «ሸመተ» ብል ደግሞ እህል ሆነ።

የሰላሌው፦

«ገዛ»ን ተዋት እንዳለች። አንባቢው ሁለቱንም ይስማ። ስቲቨንስ ራሱ ሐውልቶቹን ነቅሎ ኒውዮርክ ወስዶ ሙዚየም ሊያቆም ያስብ ነበር፤ መግዛቱ መግዛት ብቻ አልነበረም። ቃሏ እውነቱን ይዛለች።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስቲቨንስ የኮፓንን ሰዎች «ይሄን ማን ሠራው?» እያለ ሲጠይቅ መልሳቸው በስፓኒሽ «ኪየን ሳቤ» ነበር። «ማን ያውቃል» ማለት ነው። ስቲቨንስ ይህን እንደ ድንቁርና ነው የቆጠረው። አንተ «ማን ያውቃል» ብለህ ከተረጎምክ የእሱን ስሜት ትወስዳለህ። «እንጃ» ብትልስ? እኛ «እንጃ» የምንለው ሳናውቅ ብቻ አይደለም። መናገር ሳንፈልግ፣ ጠያቂውን ሳናምነው፣ ነገሩ ጣጣ ያመጣል ብለን ስንፈራም «እንጃ» እንላለን። ሦስት መቶ ዓመት በስፔን ሥር የኖረ ገበሬ፣ ባለ ንስር ኮት የለበሰ ሰው መሬቱ ላይ ቆሞ ሲጠይቀው ምን ይበል? እኔ «እንጃ» ነው የምለው።

ፊደሊት፦

ጋሼ እስማማለሁ። ስቲቨንስ ላይ ግን እንዳንበድል። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው እነዚህን ከተሞች ግብፆች ሠሯቸው፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ሠሯቸው ይል ነበር። ዣን ፍሬደሪክ ቫልዴክ የሚባል ሠዓሊ ፓሌንኬ ከርሞ የማያን ጽሑፍ ሲገለብጥ የዝሆን ራስ አስገብቶበታል! ስቲቨንስ ግን በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን የሠሩት እዚሁ ያሉት ሰዎች አባቶች ናቸው አለ። ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍም ታሪካቸው ነው አለ። ማንበብ ሳይችል ነው ይህን ያለው።

ካተርውድም እንደዚያው። ግብፅንና ኢየሩሳሌምን የሣለ እጅ ነው፤ ኮፓን ላይ ግን መጀመሪያ እምቢ አለው። እግሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ለወባ ትንኝ ጓንት አጥልቆ ይሥላል፣ ይጥላል፣ እንደገና ይሥላል። መሬቱ በተጣለ ወረቀት ተሞላ። የማያ ቅርጽ ዓይኑ ከለመደው ሁሉ የተለየ ስለነበር ዓይኑን እንደገና ማስተማር ነበረበት። ካሜራ ሉሲዳ የሚባል፣ ብርሃን ሰብሮ ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳይ መስታወት ይዞ ነው የሠራው። ሲጨርስ ግን ምልክቶቹን ሳይገባው በትክክል አስቀመጣቸው። ለዚህ ሥራ «መዘገበ» አንሷል፤ «ሰነደ» በለው፣ አሁን ለምደናታል።

«ፍርስራሽ»ስ? ማንም አልነካትም።

የሰላሌው፦

አልረሳኋትም፣ ለመጨረሻ ይዣት ነው። ፍርስራሽ ትናንት የፈረሰ ነው። ግሬደር የገባበት ሰፈር፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ የተከመረበት፣ አቧራው ገና ያልሰከነ። አንድ ሺህ ዓመት ዛፍ ሲበቅልበት የኖረ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አይባልም። ለእሱ የራሱ ቃሎች አሉን። ሰው የለቀቀው ቤት «ኦና» ነው። ሣርና ቁጥቋጦ የዋጠው «ዳዋ የለበሰ» ነው። ከሁሉ ደስ የምትለኝ «ዱር ወረሰው» ናት። ወራሽ ሆኖ የቀረው ዱሩ ነው ማለት ነው፤ ካተርውድ የሣላቸውን ሥዕሎች ካየህ፣ ሥሩ ደረጃውን እንደ እጅ ጨብጦት ታያለህ።

ለከተማው በጠቅላላ ግን «ተፈታ» በል። የድሮ ሰው «አገሩ ተፈታ» ይላል፣ ነዋሪው ለቅቆ ሄደ ለማለት። ሰልፍ ይፈታል፣ ጉባኤ ይፈታል፣ ሠፈር ይፈታል። ሰዎቹ አልሞቱም፣ ተበትነው ወደየቤታቸው ሄዱ። የማያ ነገር ይኸው ነው። የደቡቦቹ ከተሞች በ9ኛው መቶ ዘመን አንድ በአንድ ተፈቱ። ቲካል ላይ ቀን የተጻፈበት የመጨረሻው ሐውልት የ869 ነው። ኮፓን ላይ ደግሞ አራት ጎን ያለው አንድ የድንጋይ መሠዊያ አለ፣ ቀኑ 822። አንዱ ጎን ተቀርጾ አልቋል። ሁለተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። ሁለቱ ልሙጥ ናቸው። ቀራጩ መሮውን አስቀምጦ ሄደ፣ አልተመለሰም። ይሄ ፍርስራሽ ነው? ይሄ የተፈታ ከተማ ነው።

ሕዝቡ ግን አለ። ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በማያ ቋንቋዎች እየተናገሩ ይኖራሉ። «የጠፋ ሥልጣኔ» የምትለዋን ሐረግ ካስገባህ አውጣት ልጄ።

ብራና፦

ርዕሱ ላይ ነበረች ጋሼ። አወጣኋት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ስለ ዲዬጎ ዴ ላንዳ ያነሣል። በ1562 ማኒ በምትባል ቦታ የማያ መጻሕፍትን ያስቃጠለው ስፔናዊ መነኩሴ ነው። ያው ሰው በኋላ ስለ ማያዎች ሲጽፍ «ፊደላቸው ይኸው» ብሎ ያስቀመጠው ዝርዝር ነው ብዙ ቆይቶ ንባቡን የከፈተው። በ1952 ሶቪየታዊው ተመራማሪ ዩሪ ክኖሮዞቭ ነው ቁልፉን ያየው። እዚህ ላይ አንድ አረፍተ ነገር አለች።

ፊደሊት፦

አውቃታለሁ! ይቺን እኛ ካልገባን ለማን ይገባል።

ላንዳ የማያውን ጸሐፊ የጠየቀው በስፓኒሽ ፊደል ስም ነው። «ቤ» ጻፍ፣ «ሴ» ጻፍ ይለዋል። እሱ የፈለገው አንድ ተነባቢ ነው። ጸሐፊው ግን የሰማውን ድምፅ ጻፈለት፣ «ቤ» ሲለው «ቤ»ን። የእነሱ ምልክት እንደኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ይዟል። (ልዩነት አለው፤ እኛ አንዱን ቅርጽ እየቀጠልን ሰባት እናደርገዋለን፣ እነሱ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሌላ ምልክት አላቸው፤ አንድ ሙሉ ቃል የሚሆን ምልክትም አላቸው።) የላቲን ፊደል ለለመደው ሰው ዝርዝሩ ስሕተት መሰለው፤ ክኖሮዞቭ እስኪመጣ ብዙዎች ዋጋ አልሰጡትም። ሀ ሁ ሂ የቆጠረ የቄስ ተማሪ ግን ወዲያው ያየዋል።

ከዚያ ላንዳ አንድ አረፍተ ነገር ጻፍ ሲለው ጸሐፊው አምስት ምልክት ጻፈ። በእኛም አምስት ፊደል ነው፦ ማ ኢ ን ካ ቲ። «ማ» አይደለም፣ «ኢን» እኔ፣ «ካቲ» መፈለግ።

የሰላሌው፦

መጻሕፍቱን ላቃጠለበት ሰው ነው የጻፈው። «አልፈልግም» ነው ወይስ «እምቢ»?

ፊደሊት፦

ላንዳ ራሱ በስፓኒሽ «አልፈልግም» ብሎ ነው የፈታው። «እምቢ» ትጠነክራለች፣ እጅ ትዘረጋለች። ጸሐፊው እጁን አልዘረጋም፣ ቁጭ ብሎ ጻፈ።

ብራና፦

«አልፈልግም» ብዬ አስገብቻታለሁ። ከጎኗ አምስቱን ፊደል በትልቁ አስቀምጫለሁ።