በአንድ ሳምንት 3 ኪሎ ጨመርኩ፣ እራት ልተው እንዴ?

የመጀመሪያዬ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክትትል ስሄድ 66 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ተመዘንኩና 69 አለኝ! አማቴ ጠዋት ማታ ገንፎ በቅቤ እያቀረቡልኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። የቱን ልቀንስ? እራት ብተውስ?

ቀልደኛው፦ ገንፎውን ወደኔ ላኪው፣ አለቀ።

እማማ ብዙ፦ የኔ ልጅ፣ ለሁለት ነው የምትበዪው። እኔ አምስት ስወልድ አንድም ቀን ሚዛን ላይ ወጥቼ አላውቅም።

የሁለት ልጆች አባት፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ለሁለት መብላት የሚባል ነገር የለም። ከማርገዟ በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረ ሴት እስክትወልድ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጥሩ ነው ይባላል፣ ቀጭን ከነበረች እስከ 18፣ ወፈር ያለች ከሆነች ከ7 እስከ 11.5። ከአራተኛው ወር ወዲህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ሚስቴ ስታረግዝ ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር፣ እሷ ግን አልሰማችኝም።

ሰላም12፦ ውሃ ጠጪ፣ ጨው ቀንሺ።

ቤቲ፦ ቆይ፣ ሚዛኑ ራሱ ልክ ነው? የመንገድ ሚዛን እኔን አንዴ 8 ኪሎ ጨምሮብኛል። ጫማሽን አውልቀሻል?

የመጀመሪያዬ፦ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት፣ ሌላው አልገባ ብሎኝ። ቀለበቴም ከትናንት ጀምሮ አልወጣ አለ። ራሴንም ያመኛል፣ እሱ እንኳ ቡና ስላቆምኩ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ እህቴ፣ የገንፎውን ነገር ለጊዜው እርሺው። ሚዛኑ ቢዋሽ እንኳ ቀለበትሽ አይዋሽም። በሳምንት 3 ኪሎ ከመጣ ከምግብ ይልቅ ሰውነትሽ የያዘው ውሃ ሊሆን ይችላል። እጅ ማበጥና ራስ ምታት አብረው ሲመጡ የደም ግፊትሽ ዛሬውኑ መለካት አለበት፣ ሽንትሽም ለፕሮቲን ይታያል። ከ20 ሳምንት በኋላ ግፊትሽ 140/90 ከደረሰ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም፣ ለአንቺም ለልጅሽም አደገኛ ነው። የክትትል ካርድሽን ይዘሽ አሁን ሂጂ። ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይም ከጎድንሽ ሥር ካመመሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፣ ለብቻሽም አትሂጂ።

ሰላም12፦ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው፣ ውሃ ትጠጣ።

አዋላጅ ነርስ፦ ግፊት በውሃ አይወርድም!

የመጀመሪያዬ፦ ባሌ 1 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እሱን ልጠብቅ?

አዋላጅ ነርስ፦ አትጠብቂ። ደውይለት፣ እዚያው ይምጣ።

እማማ ብዙ፦ ሂጂ የኔ ልጅ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ቡናውን ማን አቁሚ አለሽ ግን?

የሁለት ልጆች አባት፦ ቡና በቀን አንድ ሁለት ስኒ ችግር የለውም እማማ፣ ሲበዛ ነው።

ቤቲ (በማግስቱ)፦ እህቴ፣ ምን አሉሽ? ስንት ሆነ ግፊትሽ?

ቤቲ (ከሁለት ቀን በኋላ)፦ ኧረ ድምፅሽን አሰሚን።

ሰላም12፦ ሚዛን ያለው ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?