ኮቪዱ ለቀቀኝ፣ ጭንቅላቴ ግን አልተመለሰም። ስኳር ያለባችሁ እስኪ እርዱኝ

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስኳር ካለብኝ 9 ዓመቴ ነው፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ነው የምወስደው። ኅዳር ላይ ጉንፋን መስሎኝ በዳማከሴና በዝንጅብል ላልፈው ስል ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተመረመርኩ፣ ኮቪድ ነው ተባለ፣ በ2 ሳምንት ተሻለኝ። ይኸው 5 ወር ሆነው ጭንቅላቴ ግን ድንዝዝ እንዳለ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ስር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ የሰፈሩን ዱቤ በቃሌ ነበር የምይዘው፣ አሁን የ37 ብር እቃ ወስደው 100 ብር ሲሰጡኝ ብሩን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ። ቃሪያ የሚለው ስም ጠፍቶኝ ልጄን "ያ አረንጓዴው፣ የሚያቃጥለው" ብዬ ላክኳት። እርጅና ነው ይሉኛል፣ ኧረ 46 ዓመቴ ነው! ስኳሩ ነው ቫይረሱ?

ጣፎ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አስም አለብኝ፣ 2013 ላይ ኮቪድ ይዞኝ ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበርኩ፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት እየረሳሁ ስንቴ አለፍኩ። ደህና የሆንኩ ቀን የተጠራቀመ ሥራ ሁሉ ልጨርስ ብዬ ስነሳ በማግስቱ አልጋ ላይ ነኝ። ትንሽ ሠርቶ ማረፍ ነው የሚያዋጣው።

አቦ ተዉ፦
ቫይረሱ ድሮ ጠፋ እኮ፣ ጭንቀት ነው።

ነርስ ነኝ፦
ጭንቀትም ያስረሳል ግን እንዲህ ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም። ኮቪድ ካለፈ በኋላ ለሚቀር ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (በፈረንጅ) ያወጣው ትርጉም አለ፣ ከያዘ 3 ወር በኋላም ያለ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየ፣ በሌላ በሽታ ያልመጣ ምልክት፣ የማሰብ ችግርም እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል። ያንቺ ጣጣ "በሌላ በሽታ ያልመጣ" የሚለው ላይ ነው። ሲደነዝዝሽ ያኔውኑ ስኳርሽን ለኪ። ደግሞ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ያሳንሳል፣ እሱ ሲያንስ ያስረሳል፣ እግርም ይደነዝዛል። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው፣ ጿሚ ከሆንሽ አስቢው። ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) እና ደም ማነስም ይታይ። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ። አፍ መጣመም ወይ የአንድ ወገን መድከም በድንገት ከመጣ ሌላ ነገር ነው፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ዛሬ ሂሳብ ሲጠፋኝ ስኳሬን ለካሁ፣ 142፣ አልወረደም። እግሬን ይወረኛል፣ ከስኳሩ ነው ተብዬ ዝም ብዬ ነበር፣ ሁዳዴንም እንዳለ ጾሜያለሁ። ለቢ12 ምርመራ ሰኞ ደም ልሰጥ ነው፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የምሄደው?