ምእመናኑ ከሩቅ ለሚመጡበት ማኅበረ ምእመናን «ሰፈሩ» የቱ ነው?

ጥያቄ፦ አንድ ሽማግሌ፣ ከአዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ሥር ካሉት የአዲስ አበባ ነባር ማኅበረ ምእመናን በአንዱ በሽማግሌነት አገለግላለሁ። የሽማግሌዎች ጉባኤያችን በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ «የአካባቢ ተልእኮ» የሚል ክፍል እንዲገባ ወስኖ፣ ረቂቁን የማዘጋጀቱን ኃላፊነት ለእኔና ለጥቂት ባልደረቦቼ ሰጥቶናል። ሥራውን ስንጀምር ግን ከዕቅዱ አስቀድሞ መልስ የሚሻ ጥያቄ ገጠመን።

ጸሎት ቤታችን በተሠራበት ዘመን አብዛኞቹ ምእመናን በእግራቸው የሚመጡ የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበሩ። ዛሬ ከፊሎቹ በየካ አባዶ፣ ከፊሎቹ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይኖራሉ፤ በከተማው መልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱም አሉን። እሑድ ጠዋት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፤ አምልኮው እንዳበቃም መንገዱ ሩቅ ነውና ቶሎ ይመለሳሉ። በአጥራችን ዙሪያ የሚኖሩት ጎረቤቶች በበኩላቸው የሚያውቁን በድምፅ ማጉያችንና እሑድ እሑድ መንገዱን በሚያጨናንቁት መኪኖች ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታዲያ ማኅበረ ምእመናናችን የተላከበት ሰፈር የትኛው ነው? ሕንጻው የቆመበት ነው ወይስ ምእመናኑ የሚያድሩበት?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በየዓመቱ ለገናና ለፋሲካ ለአካባቢው ችግረኞች ዘይትና ዱቄት እናድላለን። ተቀባዮቹ አመስግነውን ይሄዳሉ፤ እኛም ስማቸውን መዝግበን እስከሚቀጥለው በዓል እንለያያለን። ከምእመናን መካከል «ይህ ሁሉ ወጪ ምን ፍሬ አፈራ?» የሚሉ አሉ፤ ፍሬውን በጸሎት ቤቱ በተጨመረ ሰው ብዛት የሚለኩትን ሰዎች ምን ብለን እንደምናስረዳቸው በበኩሌ ግራ ገብቶኛል። በሌሎች ሲኖዶሶችም (የቤተ ክርስቲያናችን የየአካባቢው መዋቅሮች) ሆነ በውጭ አገር የምታገለግሉ ልምዳችሁን ብታካፍሉን እጅግ እናመሰግናለን።

መልስ፦ ቄስ፣ ከምዕራብ ወለጋ

ሽማግሌ ወንድሜ፣ ሰላም ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ይሁን። እኔ የማገለግለው በገጠር ነው፤ እዚህ ምእመኑና ጎረቤቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ በአንድ ደቦ የሚያርሱ ስለሆኑ የመጀመሪያው ጥያቄዎ እኛን አያስጨንቀንም። ስለ ሁለተኛው ግን የምለው አለኝ።

ተልእኮ መነሻው የእኛ ዕቅድ አይደለም፤ አብ ወልድን፣ ከዚያም መንፈስ ቅዱስን ወደ ዓለም የላከበት የእግዚአብሔር የራሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በጀርመን አገር በቪሊንገን ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የተልእኮ ጉባኤ ወዲህ በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድም ይህ አስተሳሰብ በስፋት ተቀባይነት አግኝቷል። እንግዲህ ሰፈሩ እኛ እስክንደርስለት ድረስ እግዚአብሔር የሌለበት ባዶ ቦታ ነው ብለን ልንነሣ አይገባም። ከእኛ የሚጠበቀው እርሱ በዚያ የጀመረውን ማየትና መታዘዝ ነው። አንድ ማኅበረ ምእመናን ይህን ከልቡ ሲቀበል፣ ቆጠራው ባያስደስተውም እንኳ አይደናገጥም።

በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችውን ደብዳቤ በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። ደብዳቤው ግን በአንድ በኩል የበጀት አቤቱታ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። የውጭ ለጋሾች ለልማት ፕሮጀክት በልግስና ሲመድቡ፣ ለወንጌል ስብከትና ለማኅበረ ምእመናን ሥራ ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ለሁለት መክፈል ከእኛ አስተሳሰብም ሆነ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንደማይስማማ በግልጽ ነገረቻቸው። በ1967 ዓ.ም. በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ምክክር እስከ መደረግ ደረሰ። ዛሬ ያንኑ ክፍፍል እኛው ራሳችን መልሰን አምጥተነዋል። ማኅበረ ምእመናን አሥራቱንና መባውን ለሕንጻና ለድምፅ መሣሪያ ያውላል፤ የተራበውንና የታመመውን ደግሞ «የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽኑ አለ» ብሎ ለፕሮጀክት ይተወዋል። «መላውን ሰው ማገልገል» የሚለውን ቃል በግድግዳችን ላይ ጽፈን እንዲህ ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

አቅም የለንም ለሚሉም የቄስ ጊዳዳ ሶለንን ሕይወት እንዲያስቡ እመክራለሁ። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዐይናቸውን ያጡና በገበያ ይለምኑ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን ሲወጡ በደምቢ ዶሎ አካባቢ የወንጌሉን ሥራ ተሸክመው ከቆዩት ቀዳሚዎቹ እርሳቸው ነበሩ።

መልስ፦ የዲያቆኒያ አገልጋይ፣ ከሐዋሳ

ለሽማግሌ ከአክብሮት ጋር፦ የማገለግለው በዲያቆኒያ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ለችግረኞች በምትሰጠው አገልግሎት ነው። በእኔ አስተያየት «ሕንጻው ወይስ መኖሪያው» የሚለው ምርጫ አያስፈልግዎትም። የሁለቱ ሥራ ግን የተለያየ ነው፤ በአንድ ዕቅድ ሁለቱንም ለማሟላት መሞከር ነው ብዙዎቻችንን ያደከመን።

ምእመናኑ ከሚያድሩበት ልጀምር። በአገልግሎት ዘመኔ ያስተዋልኩት ትልቁ መሰናክል የገንዘብ እጥረት ሆኖ አላገኘሁትም። ትልቁ መሰናክል የማኅበረ ምእመናኑ የራሱ መርሐ ግብር ነው። ረቡዕ ጸሎት፣ ዐርብ የወጣቶች ፕሮግራም፣ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድና ሥልጠና፣ እሑድ ሙሉ ቀን አምልኮና ስብሰባ አለ። ትጉ የሚባለው ምእመን የዕድር ስብሰባ የማይገኝ፣ በብሎኩ ውስጥ ማን እንደ ታመመ የማያውቅ፣ ጎረቤቱ ቡና ጠጣ ቢለው ጊዜ የሌለው ሰው ሆኗል። ስለዚህ ወደ ዕቅዱ አዲስ ፕሮግራም ከመጨመራችሁ በፊት ከነባሮቹ አንዱን ቀንሱ፤ ለምሳሌ በወር አንድ ሳምንት የሥራ ቀናቱን ፕሮግራም ሁሉ ዝጉና ምእመኑ ያን ጊዜ በሚኖርበት ቦታ እንዲያሳልፈው በመድረክ ላይ በግልጽ ንገሩት። ሽማግሌዎች ራሳቸው ካልተገበሩት ግን ማንም አይተገብረውም።

በየካ አባዶ የሚኖሩት ምእመናን በእሑዱ አምልኮ በስማቸው ተጠርተው፣ ጸሎት ተደርጎላቸው ወደ መኖሪያቸው ቢላኩ መልካም ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚሄደውን ወንጌላዊ እንዲሁ እያደረግን እንልክ የለምን? ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ትእዛዝ በጥሞና ያንብቡ። ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ ኮረጆም ከረጢትም አላስያዛቸውም፤ በገቡበት ቤት እንዲቀመጡ፣ ያቀረቡላቸውንም እንዲበሉ ነው ያዘዛቸው። ዘይትና ዱቄት ይዘን ስንሄድ ሰጪው ሁልጊዜ እኛ ነን፤ ጎረቤት ግን ከእኛ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ተመጽዋች እንጂ ወዳጅ አይሆንም። ቡናውን ጠጡለት፣ መሰላል ተዋሱት፣ ልጃችሁን ጠብቁልኝ በሉት። በጾም ወራት ስትጋብዙት ደግሞ የጾም ምግብ አዘጋጁለት፤ ይህን ቀላል ጨዋነት በመዘንጋት ብቻ ብዙ ሰው አስቀይመናል።

ዕድር ከሁሉ ይበልጣል። አዲስ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕድሩ ገና በመደራጀት ላይ ያለ ስለሆነ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ድንኳንና ወንበር የሚያጓጉዝ ጉልበተኛ ይፈልጋል። ወጣቶቻችሁ ድንኳኑን ይትከሉ፣ በለቅሶ ቤትም ውኃ ይቅዱ። ሳይጠየቁ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስብከት መጀመር ግን ነውር ነው፤ ሐዘንተኛው «ጸልዩልኝ» ሲል መጸለይ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሕንጻው የምለው አጭር ነው። ግቢያችሁ ከሰኞ እስከ ዐርብ አብዛኛውን ሰዓት ባዶ እንደሚሆን እገምታለሁ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ የሰፈሩ ተማሪዎች በጠባብ ቤት ውስጥ ከታናናሾቻቸው ጋር እየተጋፉ ያጠናሉ፤ መብራትና ወንበር ያለው አዳራሽ ብትከፍቱላቸው ወላጆቻቸው እናንተን የሚያውቁበት ሌላ መንገድ ይኖራቸዋል። ድምፅ ማጉያውንም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ቀንሱት።

መልስ፦ ወንጌላዊ፣ ከአዲስ አበባ

እስካሁን የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ። የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት መሠረታዊ የእምነት ሰነድ በሆነው በአውግስበርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 7 መሠረት ቤተ ክርስቲያን ወንጌል በንጽሕና የሚሰበክባትና ምሥጢራት በሥርዓት የሚሰጡባት የቅዱሳን ጉባኤ ናት። ዕድር መደገፍ፣ ተማሪ ማስጠናትና ቡና መጠጣት መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ማንኛውም በጎ አሳቢ ሰው ያደርጋቸዋል። ጎረቤታችን ከዓመታት ወዳጅነት በኋላም የክርስቶስን ስም ከእኛ አፍ ካልሰማ፣ ተልእኮውን ፈጽመናል ማለት እንችላለን? በከተማችን አገልግሎቱ እየሰፋ ምስክርነቱ የጠፋባቸውን ክፍሎች አይቻለሁ፤ ሪፖርታቸው ያማረ ነው፣ ከሪፖርቱ ውስጥ ግን ጌታ የለም። መጨመርን መቁጠርም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊም ቆጥሯል።

መልስ፦ ምእመን፣ ከሚኒሶታ

ወንጌላዊ ወንድማችን ያነሡት ሥጋት ተገቢ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ችግሩ በተቃራኒው በኩል ስለመጣ ልጻፍላችሁ። እዚህ ስብከት አልጎደለንም። በአማርኛ እየሰበክን ለዓመታት ስንቀመጥ፣ ከጸሎት ቤቱ በር ውጭ ላለው ሰፈር ግን አንድም ቃል አልነበረንም።

የምናመልከው ከአንድ የአሜሪካ ሉተራን ማኅበረ ምእመናን በተከራየነው ሕንጻ ነው፤ እነርሱ ጠዋት ያመልካሉ፣ እኛ ከሰዓት በኋላ። አባሎቻቸው አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱም እንደ እናንተው ከሌላ ሰፈር በመኪና ነው የሚመጡት። ለረጅም ጊዜ ግንኙነታችን ስለ ቁልፍ፣ ስለ ማሞቂያና በወጥ ቤቱ ውስጥ ስለሚቀረው የበርበሬ ሽታ ብቻ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሁለታችንም የማናውቃቸውን የአካባቢውን ነዋሪዎች አብረን ለማወቅ ስንወስን ነው። ከእነርሱ አንድ፣ ከእኛ አንድ እየሆንን በሰፈሩ ተዘዋወርን፤ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር፣ የሱቁን ባለቤትና በአውቶቡስ ማቆሚያው ያገኘናቸውን ሰዎች «በዚህ ሰፈር የሚያስደስታችሁና የሚያሳስባችሁ ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ሶማሌዎች ሆነው ተገኙ፤ ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆኑ፣ ሻይ የሚጋብዙንና ስለ አገር ቤት የሚጠይቁን ነበሩ።

ቃሉን ለመናገር ዕድል ያገኘነውም ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ካወቀን በኋላ «ለምንድን ነው ይህን የምታደርጉት?» ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት ወንጌላዊው እንዳሉት ክህደት ይሆናል። ሳይጠይቅ በፊት መናገር ደግሞ ቢያንስ በእኛ ሰፈር ሰሚ አላስገኘም። በእንግሊዝኛ የሚናገሩት ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ በዚህ ጎበዞች ናቸው፤ ስለዚህ በኮሚቴው ውስጥ ከእነርሱ ሁለት እንዲገቡ አድርገናል። አረጋውያን አባቶች መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር።

ምላሽ፦ ጠያቂው ሽማግሌ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ቄስ ስለ ደብዳቤው የጻፉትን በጉባኤያችን ላይ አነብበዋለሁ። የሐዋሳዋ እኅታችን ፕሮግራም ስለመቀነስ የሰጡት ሐሳብ ብዙ ክርክር እንደሚያስነሣ ከወዲሁ ይታየኛል፤ በተለይ የመዘምራን ክፍል በቀላሉ አይቀበለውም። ቢሆንም በረቂቁ ውስጥ በወር አንድ ሳምንት ብለን አስገብተነዋል፤ የጥናት አዳራሹንም ጨምረናል። ለወንጌላዊ ወንድማችን ሥጋት ደግሞ ከሚላኩት ምእመናን ጋር በየሦስት ወሩ ተቀምጠን «ማን ምን ጠየቃችሁ? ምን መለሳችሁ?» ብለን እንድንነጋገር ወስነናል።

አንድ የቀረን ጉዳይ አለ። ሒሳብ ክፍላችን ወጪው በወንጌል አገልግሎት በጀት ሥር ይሁን ወይስ በዲያቆኒያ ብሎ ጠይቆናል። ሁለቱ ክፍሎች ደግሞ «የእኔ አይደለም» በሚል እየተገፋፉ ነው።

መልስ፦ የዲያቆኒያ አገልጋይ፣ ከሐዋሳ

ይህ ጥያቄ ከመዝገብ ጉዳይ ያለፈ ነው፤ ቄስ የጻፉት ክፍፍል እዚህ ላይ ነው በተግባር የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1523 በሳክሶኒ ግዛት የምትገኘው የላይስኒግ ከተማ ምእመናን የተሐድሶውን መሪ ማርቲን ሉተርን አማክረው የጋራ ሣጥን ሲያቋቁሙ፣ የሰባኪው ደመወዝ፣ የትምህርት ቤቱ ወጪ፣ የሕንጻው ጥገናና የድሆች ቀለብ የሚከፈሉት ከዚያው ከአንዱ ሣጥን ነበር፤ ሉተርም ለደንቡ መቅድም ጽፎለታል። እናንተም በሽማግሌዎች ጉባኤ ሥር አንድ የጋራ የወጪ ርእስ ክፈቱና ከሁለቱ ክፍሎች አንድ አንድ ፈራሚ መድቡለት። አንደኛው ክፍል ያለ ሌላው ፊርማ ወጪ ማድረግ እንዳይችል በጽሑፍ ይወሰን። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን አያሳስባችሁ፤ አብዛኛው ሥራ የሚጠይቀው የታክሲና የቡና ወጪ ነው፣ የአዳራሹ መብራትም ከነባሩ በጀት ይሸፈናል። የጥናት አዳራሹን ግን ከመክፈታችሁ በፊት ልጆቹን የሚጠብቁት እነማን እንደሆኑ በስም ወስኑ፤ ሁለት ጎልማሶች ሳይኖሩ በሩ እንዳይከፈትም ደንብ አውጡ።